ጋፋት ላይ ምን ሊበላሽ ይችል ነበር?

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት በገደልና በሸለቆ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። በዘመናችን አነጋገር ይህ ስጋት የበዛበት ፕሮጀክት ነበር።

የፕሮጀክት ስጋት አመራርን ለሚማር ተማሪ፣ አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ታሪክ ልምምድ ሊያደርግለት ይችላል። ተማሪው የሥራው ኃላፊ ይሆናል፤ ማሽኑ ዝናብን፣ የጎታች እጥረትንና የመንገድ መናድን በየተራ እያመጣ ውሳኔውን ይጠይቀዋል።

ይሁን እንጂ ማሽኑ «ቅርጹ የመፈንዳት ዕድሉ 20 በመቶ ነው» ቢለን፣ ቁጥሩ ከልኬት የተገኘ አይደለም። ፊዚክሱን ግን ራሳችን መመርመር እንችላለን። የቀለጠ ነሐስ እርጥብ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ፣ ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ያድጋል፤ መውጫ ካጣም ይፈነዳል። ቅርጹን አስቀድሞ ማድረቅ የአደጋውን ዕድል ይቀንሳል፤ ሠራተኞችን ማራቅ ደግሞ ጉዳቱን። ስጋት የሚሰላው በሁለቱ ብዜት ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ከመጠየቃችን በፊት የራሳችንን የስጋት ዝርዝር እንጻፍ፤ ከዚያም እርሱ የሚሰጠንን እያንዳንዱን ቁጥር «በምን ተለካ?» ብለን እንመርምር።