የተሞላ አፈርና ጤና፦ ከተሞቻችን የቆሙበትን መሬት ታሪክ ስለ መጠየቅ

መግቢያ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአፄ ቴዎድሮስ መናገሻ በነበረችበት ጊዜም ሆነ ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችበት ዘመን፣ በተዳፋት ቦታ ቤት መሥራት የፈለገ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ ከላይ ይቆርጣል፣ ከታች ይሞላል። ወደ ምዕራብ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ምክንያቱ ሌላ ነው። የወረታ አካባቢ ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መንገድ ወይም ሕንፃ ሲሠራ ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣና በምትኩ ከካባ የመጣ ገረጋንቲ ይደለደላል። የወጣው ዋልካ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ረግረጋማ ግቢ መሙያ ይሆናል።

በዚህ መንገድ በሰው እጅና በመኪና ተጓጉዞ የተደለደለውን መሬት በዚህ ጽሑፍ «የተሞላ አፈር» እንለዋለን። ጉዳዩ የመሐንዲስና የግብርና ባለሙያ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁንና አፈር ከቦታ ቦታ ሲሄድ በውስጡ ያለው ተሕዋስ፣ ማዕድንና መርዝም አብሮት ይሄዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ጉዞ ለጤና ያለውን ትርጉምና ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀውን ማብራራት ነው።

የተሞላ አፈር ከተፈጥሮ አፈር በምን ይለያል?

የተፈጥሮ አፈር ዐለት ባለበት ቦታ በዝናብ፣ በሙቀትና በሕያዋን ሥራ በብዙ ሺህ ዓመታት ተሰባብሮ የሚፈጠር ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ቀይ አፈርም ከጥንት እሳተ ገሞራ ዐለት በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ገበሬው የማሳውን ጠባይ ከአያቶቹ ስለወረሰው የትኛው ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው እንደሚሸረሸር ያውቃል። በተሞላ አፈር ላይ ግን ይህ እውቀት አያገለግልም። በአንድ ግቢ ውስጥ ከታች የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ፣ ከመካከል አመድና ቆርቆሮ፣ ከላይ ንጹሕ ቀይ አፈር ሊኖር ይችላል፤ የንብብሩ ቅደም ተከተል የገልባጭ መኪኖቹ አመጣጥ ቅደም ተከተል ነው።

ዓለም አቀፉ የአፈር ምደባ ሥርዓትም ይህን ልዩነት ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቴክኖሶል» የሚባል ራሱን የቻለ ምድብ አስገብቷል። ከመመዘኛዎቹ አንዱ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ቢያንስ 20 በመቶው ሰው ሠራሽ ነገር፣ ማለትም ጡብ፣ መስታወት፣ ብረት፣ ቆሻሻና የመሳሰለው መሆኑ ነው።

ይህን ስንል የተሞላ አፈር ሁሉ ጎጂ ነው ማለታችን አይደለም። ከንጹሕ ካባ የመጣና በሚገባ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ረግረግን አድርቆ ጤናን ሊጠብቅ ይችላል። ወሳኙ አፈሩ ከየት መጣ የሚለው ነው።

የጤና ጠንቆቹ

1. ተላላፊ በሽታዎች፦ የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የማስወገድ ደረጃ ላይ መድረሷ ትልቅ ድል ነው፤ ሆኖም ባክቴሪያው ከአፈር ውስጥ አልጠፋም። ሚስማርና የተሰበረ ጠርሙስ የበዛበት ሙሌት ደግሞ ቁስሉንና ባክቴሪያውን በአንድ ላይ ያቀርባል። ከአሮጌ መጸዳጃ ጉድጓድ የወጣ አፈር ከሆነ የወስፋት እንቁላል በእርጥብና ጥላ ባለው መሬት ለዓመታት ሕይወቱን ጠብቆ ሊቆይ ይችላል። የአባ ሰንጋ ጀርም ዘርም በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይ፣ በበሽታው የሞተ ከብት የተቀበረበትን ቦታ ቆፍሮ አፈሩን ወደ መንደር ማምጣት የተረሳን አደጋ መቀስቀስ ነው።

2. እርሳስ፦ እርሳስ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ በአብዛኛው ከላይኛው የአፈር ንብርብር ተጣብቆ ይቀራል። ያገለገለ ባትሪ የሚፈታበት ቦታ፣ አሮጌ ጋራዥና የቆሻሻ ማቃጠያ አፈር ወደ ሌላ ግቢ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናትና አፈር የመብላት ልማድ ያላቸው ነፍሰ ጡሮች ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ያለበት ሰውነት ደግሞ እርሳስን አብዝቶ ይቀበላል። ለልጅ አእምሮ ጉዳት የለውም ተብሎ የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን የለም።

ተጓጉዞ የመጣ መሬት ምን ያህል ሊገድል እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት የደረሰው ነው። ነዋሪዎች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ወደ መንደር አምጥተው በግቢያቸው ሲፈጩት፣ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው እርሳስ ከመሬቱ ጋር ተቀላቅሎ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። ሕክምናውም ከመድኃኒት አልጀመረም። በመጀመሪያ የተበከለው የላይኛው አፈር ተገፎ በንጹሕ አፈር ተተካ፤ ልጆቹ እርሳሱን ከደም የሚያስወጣውን መድኃኒት የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ተበከለ ግቢ የሚመለስን ልጅ ማከም ከንቱ ድካም ነውና።

3. ቀይ አፈርና የእግር እብጠት፦ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት አንዱን የዝሆኔ ዓይነት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ከእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ጋር አገናኝቶታል። በባዶ እግር ለብዙ ዓመታት ሲረገጥ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ። በወላይታ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናትም የተፈጥሮ ተጋላጭነት ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። አንድ የጭነት መኪና ቀይ አፈር በሽታውን ወደ ከተማ አያመጣም። ነገር ግን በካባ፣ በመንገድና በሙሌት ሥራ ላይ በባዶ እግራቸው ለዓመታት የሚውሉ የቀን ሠራተኞች ከገበሬው የማይተናነስ ንክኪ አላቸውና ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ለእነርሱም ሊታዘዝ ይገባል።

4. የመሬቱ አለመጽናት፦ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ መሬት ይሰምጣል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ የተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ በቀላሉ ይደረመሳል። ፍሳሹም በፍርስራሹ ክፍተቶች በፍጥነት ስለሚሾልክ፣ በመጸዳጃና በውሃ ጉድጓድ መካከል ብዙ ጊዜ የሚመከረው የ30 ሜትር ርቀት በእንዲህ ያለ ቦታ በቂ ላይሆን ይችላል። የዚህ ጠንቅ እጅግ አሳዛኝ ምሳሌ በአዲስ አበባ ቆሼ የደረሰው ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲቆለል የኖረው የቆሻሻ ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በሥሩና በላዩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። የተቆለለ ነገር ሁሉ መሬት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከጤና ባለሙያው ምን ይጠበቃል?

በአብዛኞቹ የጤና ተቋሞቻችን የአፈርም ሆነ የደም እርሳስ ምርመራ በቀላሉ አይገኝም። በሁሉም ቦታ የሚገኘው መሣሪያ ታሪክ መጠየቅ ነው። ስለዚህ በተለይ አዲስ በተስፋፋ ሠፈር ለሚኖር ታማሚ የሚከተሉትን መጠየቅ ይጠቅማል፦

– ግቢው ተሞልቷል ወይ? መቼና በምን?
– አፈሩ የመጣው ከካባ፣ ከፈረሰ ቤት፣ ከጋራዥ ወይስ ከቆሻሻ መጣያ ነው?
– ልጆች የሚጫወቱት፣ ጎመንና ካሮት የሚተከለው በየትኛው ክፍል ነው?
– የውሃ ጉድጓድ አለ ወይ? ከመጸዳጃው ምን ያህል ይርቃል?

የብረት መድኃኒት በአግባቡ ወስዶ ያልተሻለው የደም ማነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ ወይም ትኩሳት የሌለው የሚጥል ሁኔታ ያለበት ሕፃን ሲቀርብ መልሶቹ ሐሳባችንን ወደ እርሳስ ሊመሩት ይችላሉ። ሕመም የሌለውና መካከሉ የጠቆረ እብጠት ያለበት ቁስል ስለ አባ ሰንጋ ሊያሳስበን ይገባል። በሙሌት መሬት ላይ የተወጋ ወይም የተቆረጠ ሰው ቁስሉ በሚገባ ከታጠበ በኋላ የክትባት ታሪኩ መታየት አለበት፤ የመጨረሻው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል፤ ከ3 ጊዜ በታች የተከተበ ወይም የክትባት ታሪኩ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ በተጨማሪ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ከተገኘ፣ ይሰጠዋል።

የጤና ኤክስቴንሽንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ሚና ከዚህም ይሰፋል። አዲስ ግቢ ለሚሞላ ቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ ምንጩ ያልታወቀ አፈር አለመቀበል፣ በተጠረጠረ መሬት ላይ ንጹሕ አፈር ደልድሎ ሣር ማብቀል ወይም ድንጋይ ማንጠፍ፣ አትክልትን ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል፣ ሕፃናት ከምግብ በፊት እጃቸውን እንዲታጠቡ ማድረግ።

የራሳችንን ግቢ ደግሞ መዘንጋት የለብንም። የማቃጠያ ምድጃ አመድ፣ የእንግዴ ልጅ ጉድጓድና የስለታም ነገሮች መቅበሪያ ነገ የሌላ ሰው ሙሌት የሚሆኑ ናቸው። ጤና ጣቢያ ሲስፋፋ አሮጌው ጉድጓድ የት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ቦታዎች በግቢው ንድፍ ላይ ተመልክተው፣ ታጥረውና ተመዝግበው ሊቆዩ፣ አፈራቸውም ከግቢው እንዳይወጣ ሊደረግ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከተሞቻችን በሰፉ ቁጥር በተሞላ አፈር ላይ የሚወለዱና የሚያድጉ ልጆች ቁጥር ይጨምራል። ሙሌትን ማስቀረት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚቻለው የአፈሩን ምንጭ ማወቅ፣ አጠራጣሪውን መሸፈን፣ አደገኛውን አለማንቀሳቀስ ነው። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ የመሬቱን ጽናት ይመረምራል፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው የሚመረምረው ግን የጤና ባለሙያው ስለሆነ፣ ሁለቱ አስቀድመው ቢመካከሩ ብዙ ሕመም ከመድረሱ በፊት ሊቀር ይችላል።