ሳይመታ የሚሰብር

አንባብያን ሆይ፤ ዕቃ የሚሰበረው በብርቱ ሲመታ ብቻ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በሞለኪውሎች ዓለም ግን ሳይመታ የሚሰብር አለ፤ እርሱም ብዙ ኤሌክትሮኖቹን የተገፈፈ አዮን ነው።

የሃይድሮጅንን ሞለኪውል እንመልከት። ሁለቱ ፕሮቶኖቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ አስማምተው የያዟቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ያ አዮን በዝግታ ሲያልፍ ገና ሳይደርስ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። ሁለቱም ከተወሰዱ ማሰሪያው ተፈታ ማለት ነው፤ ፕሮቶኖቹም በ19 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ተገፋፍተው ይበተናሉ። ሞለኪውሉን ለሁለት አቶም ለመክፈል ግን 4.5 ያህል በበቃ ነበር። ሊቃውንት ይህን የኩሎም ፍንዳታ ይሉታል።

ዝግታ ስንል የኤሊ ጉዞ አይደለም። በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን በሰኮንድ 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ ሁሉ ዝግተኛ ይባላል። በሰኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍሰው የፀሐይ ነፋስም ከዚሁ ወገን ነው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮሳት የተባለው ሳተላይት ሀያኩታኬ ከተባለችው ጅራታም ኮከብ የራጅ ጨረር ሲወጣ ቢያይ ሊቃውንቱ ተደነቁ፤ በረዶ የተመላች አካል እንደምን ራጅ ታወጣለች? ምክንያቱ ይኸው ነጠቃ ሆኖ ተገኘ። የፀሐይ ነፋስ አዮኖች ከኮከቢቱ ጋዝ የነጠቁት ኤሌክትሮን ወደ ዝቅተኛ ስፍራው ሲወርድ ትርፍ ጉልበቱን በጨረር ይለቃልና።

እንግዲህ ሞለኪውልን የሚበትነው የአዮኑ ዱላ ሳይሆን የማሰሪያው መጥፋት መሆኑን ልብ ይሏል።