የገንዲ ተሐዋሲ ያስተማረው ሮቦት

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ አርቢ ከብቱ ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ሲቀር ገንዲ መሆኑን ይጠረጥራል። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ በአባይና በገባሮቹ ዳር የቆየ ጠላት ነው። ደሙ አሶሳ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሲደርስ ግን ፍርዱ የማይክሮስኮፕ ነው። ባለሙያው የተሐዋሲውን ዝርያ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ አካሄዱ ነው፦ ከዳር ዳር የሚወነጨፈው ቪቫክስ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ተጣብቆ የሚንቀራፈፈው ኮንጎሌንሴ፣ ባለበት የሚንፈራገጠው ብሩሴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ይኸው ብሩሴ ለመሐንዲሶች አርአያ ሆነ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የሎዛኑ ሰልማን ሳካርና የዙሪኩ ብራድሊ ኔልሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ውሃ ከሚመጥ ለስላሳ ጄል፣ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ሮቦቶች ሠሩ። ሮቦቶቹ ባትሪም ሞተርም የላቸውም። ጄሉ ውስጥ የተበተኑትን መግነጢሳዊ ቅንጣቶች ከውጭ የሚሽከረከር መግነጢሳዊ መስክ ይነዳቸዋል፤ ሙቀት ሲያገኛቸው ደግሞ ሮቦቶቹ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ።

ጭራው ለጌጥ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ትንሽ አካል ውሃ እንደ ማር ይወፍርበታል። የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ንግግር እንዳስረዳው፣ እዚያ ዓለም ውስጥ አንድን መቅዘፊያ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ አያራምድም፤ የሄደውን ያህል ይመልሳል። የሚያራምደው እንደ ብሎን መሽከርከር ወይም እንደ ጅራፍ መሞገድ ነው።

ከእነዚህ ሮቦቶች የሚጠበቀው የሕክምና ተስፋ መድኃኒትን በመላ ሰውነት ከመበተን ይልቅ የረጋ ደም ወይም ዕጢ ያለበት ቦታ ድረስ ማድረስ ነው። በፋብሪካ በኩል ደግሞ የካሊፎርኒያው የምርምር ተቋም ኤስአርአይ ኢንተርናሽናል፣ በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ የሚንሸራተቱ ትንንሽ ማግኔቶችን እንደ ሮቦት አሰልፎ የካርቦን ዘንጎችን እያጣበቁ መዋቅር እንዲገነቡ አድርጓል።

በደም ሥር የሚዋኙት ሮቦቶች ግን ገና የተለመደ ሕክምና አልሆኑም። ሰውነት ውስጥ ያሉበትን ማየት፣ ከደም ፍሰት ጋር መታገል፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ማስወጣት ወይም እንዲሟሙ ማድረግ ሁሉም ፈተና ነው። ብሩሴ በበኩሉ የሚነዳው ማግኔት አያሻውም፤ የላይ ሽፋኑን እየቀያየረ የሰውነትን መከላከያ ያታልላል። ተማሪው መዋኘትን ለመደ እንጂ መምህሩን ገና አልደረሰበትም።