በመደርደሪያ የቆየው ካሴት

ነጋዴ ሳይሸጥ የቆየበትን ዕቃ ከኪሳራ ይቆጥረዋል። አንድ ካሴት ግን ይህን ግምት አፍርሷል።

የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዚያው ቀሩ። በ1985 በአኮርዲዮን የተጫወቱበትን ካሴት አወጡ፤ ኋላም ከመድረክ ርቀው በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ብዙ ዘመን ኖሩ።

አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ያንን ካሴት ከባሕር ዳር ሱቅ አግኝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ ካስፈቀደ በኋላ በ2013 እንደገና አሳተመው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አዲስ አልበም አቀረቡ።

የድሬዳዋ ባለሱቆች ሆይ፣ አሮጌ ካሴት ከመጣላችሁ በፊት የባለቤቱን ስም አንብቡ። ማባዛት የሚሻም አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ በፈቃድ የታተመ ሥራ ለሻጩም ለሙዚቀኛውም እንጀራ ይሆናልና።