ያውቁ ኖሯል? የጎተራ ጠባቂዋ ድመት በሆዷ የምትይዘው

ፍኖተ ሰላም ላይ ቆመው «የድመት መጠለያ በየት በኩል ነው?» ብለው ቢጠይቁ ሰው ይስቅብዎታል። የምዕራብ ጎጃም ድመት መጠለያዋ የጎተራ ሥር፣ የጭድ ክምር፣ የወፍጮ ቤት ጥግ፣ የሥጋ ቤት ደጃፍ ነው። ሥራዋ አይጥ መያዝ፣ ደመወዟም ያው የያዘችው አይጥ። በሌላው ዓለም በየመጠለያው የታጎሩ ድመቶችን የሚያሠቃዩት ጥገኛ ተውሳኮች ግን የእኛንም አይምሩም፤ በተለይ ረሃብ፣ እርጅና ወይም ሌላ በሽታ አቅሟን የነጠቃትን። (እግረ መንገዳችንን፦ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የድመት ነገር ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ መጀመሪያ የተገኘው ድመት ላይ አይደለም። በ1908 ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ ቱኒስ ውስጥ ጉንዲ ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ አገኙት። በዚያው ዓመት አልፎንሶ ስፕሌንዶሬ ብራዚል ውስጥ በጥንቸል ላይ አየው። ተውሳኩ እንቁላል መሰል ዘሩን የሚያፈራው በድመት አንጀት ውስጥ ብቻ መሆኑ የታወቀው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1970 ገደማ ነው። «ድመት» ስንል አንበሳና ነብርም ከነቤተሰባቸው ይጨመራሉ።

ያውቁ ኖሯል? አንዲት ድመት ይህን ዘር በአይነ ምድሯ የምትበትነው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ያውም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ግን የምትበትነው በሚሊዮን ይቆጠራል። ከዚያ ሰውነቷ ተውሳኩን ተቆጣጥሮ ጡንቻዋና አንጎሏ ውስጥ አስሮ ያስቀምጠዋል። መከላከያዋ ሲደክም እስረኛው ሊነሳ ይችላል፦ ሳንባዋን፣ ጉበቷን፣ ዓይኗን ወይም አንጎሏን ያጠቃል፤ አንዳንዴም ዘሩን እንደገና መበተን ትጀምራለች።

ያውቁ ኖሯል? በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት አዲስ አበባ አካባቢ ከተያዙ ባለቤት አልባ ድመቶች መካከል ከ27ቱ ሕያው ቶክሶፕላዝማ አውጥቷል። ሰባቱ በአይነ ምድራቸው ነበራቸው።

ያውቁ ኖሯል? ጤነኛ አይጥ የድመት ሽንት ከሸተታት ከአካባቢው ትሸሻለች። በ2000 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ቶክሶፕላዝማ የያዛት አይጥ ይህ ፍርሃቷ ይጠፋል፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ወደ ሽታው ይቀርባሉ። ሌላው ጠባይዋ እምብዛም አይለወጥም። ተውሳኩ ወደ ድመት አንጀት የሚመለስበትን መንገድ ራሱ ያመቻቻል ማለት ነው። የቡሬን የእህል መጋዘን ወይም የጃቢ ጠህናንን የበቆሎ ጎተራ የምትጠብቅ ድመት በቀላሉ የምትይዛት አይጥ፣ ምናልባትም መያዝ የማይገባት ናት።

ወደ ረሃቡ እንምጣ፤ የብዙው ነገር ሥር እሱ ነውና። «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚለው እምነት በገጠሩም በከተማውም የጸና ነው። ሰዎች ድመታቸውን የሚያስርቡት ከጭካኔ አይደለም፤ ሥራዋን እንዳትተው ሰግተው ነው። ነገር ግን በድመት ዘንድ የአደን ፍላጎትና የረሃብ ስሜት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጠገበች ድመትም አይጥ ስትንቀሳቀስ ካየች ትዘላለች፣ ትገድላለች፤ ልዩነቱ የገደለችውን ሳትበላ ትታ መሄዷ ነው። የተራበችው ግን አንጀቱን፣ ጉበቱን፣ አጥንቱን ሳትለይ ትውጣለች፣ ተውሳኩንም አብራ። በዚያ ላይ ፕሮቲን ያጣ ሰውነት በሽታ የሚዋጉ ሕዋሳትን እንደልቡ አያመርትም። ስለዚህ ያስራቧት ድመት ሁለት ጊዜ ትጎዳለች፦ ተውሳክ ይበዛባታል፣ መከላከያዋም ይሳሳል። ትንሽ እንጀራ በሹሮ ጥሎ መገላገል ደግሞ ማብላት አይባልም። ድመት ያለ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም የመሳሰለው መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ካላገኘች ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። የተቀቀለ የበሬ ሳንባ፣ ልብ ወይም ጨጓራ ቢሰጧት ርካሽም ነው፣ ደህናም ነው። ጥሬውን አይስጧት።

ያውቁ ኖሯል? ድመቶችም የራሳቸው «ኤድስ» አላቸው። ቫይረሱን በ1986 ያገኙት ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ ሲሆኑ፣ ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ፔታሉማ ከተማ ውስጥ ብዙ ድመቶች አብረው የሚኖሩበት ቤት ነበር። ዋና መተላለፊያው ንክሻ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚያዙት በሌሊት ጣሪያ ላይ ለእንስት የሚደባደቡት ወንዶች ናቸው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከሰው ኤች አይ ቪም ወደ ድመት አይሄድም። የተኮላሸ ወንድ ጠብ ይቀንሳል፣ ንክሻውም አብሮ ይቀንሳል።

ከዚያ በፊት፣ በ1964፣ ዊልያም ጃሬት ግላስጎው ውስጥ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስን አግኝቶ ነበር። ይኸኛው በምራቅ፣ በመላላስና በአንድ ሳህን በመብላት ይተላለፋል፤ የአጥንት መቅኔን ስለሚጎዳ ድመቷን ደም ያሳጣታል፣ መከላከያዋንም ይሰብራል።

ሁለቱም ቫይረሶች ራሳቸው ከሚገድሉት ይልቅ በር ከፍተው የሚያስገቡት ይበልጣል። ጤነኛ ድመት በቀናት ውስጥ የምትገላገለው ጃርዲያ ወይም ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ተውሳክ ደካማዋን ለሳምንታት ያስቀምጣታል። በጥቂቱ ቢኖሩ የማይታወቁ የቆዳ ተውሳኮች በአንድ ጊዜ ይፈሉና ፀጉሯን ያረግፋሉ። ጆሮዋ ውስጥ ቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ካዩ የጆሮ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ራሷን እያራገፈች ጆሮዋን እስኪደማ ትቧጥጠዋለች።

ያውቁ ኖሯል? የድመት ግልገል ወስፋትን ከእናቷ ጡት ትጠባለች። በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝተው የነበሩ እጮች ስትወልድ ይነቁና በወተት ይወጣሉ። ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ የከሳ ግልገል ካዩ «ጠግባለች» አይበሉ።

ያውቁ ኖሯል? አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን 40 ያህል እንቁላል ትጥላለች። የአንድ ወር ግልገል ላይ የሰፈረ የቁንጫ መንጋ ደሟን መጥጦ ሊገድላት ይችላል። ቁንጫው ኮሶም ያመጣል፤ ድመቷ ስትላስ ቁንጫውን ትውጠዋለች፣ ቁንጫው የያዘው እጭም አንጀቷ ውስጥ ኮሶ ይሆናል። በጅራቷ ሥር ወይም በምትተኛበት ጨርቅ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ቁርጥራጮች የእሱ ናቸው። ሌላው የድመት ኮሶ ከአይጥ ጉበት ይመጣል።

ሰው ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚይዘው ኮሶ ግን የድመት አይደለም፤ ከእሷ አይያዙትም። ኮሶ ካልን አይቀር፦ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 ሰከላ ግሽ ዓባይ ድረስ ከዘለቀበት ጉዞው ይዞ ከተመለሳቸው ነገሮች አንዱ የኮሶ ዛፍ ሥዕልና ገለጻ ነበር። ቆይቶም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ለድመት ግን ኮሶ አያጠጧት። ለእሷ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው ያው መድኃኒት፣ መጠኑ ግን በባለሙያ ተለክቶ።

ያውቁ ኖሯል? በግዎ የጨነገፈችው ከድመት በመጣ ነገር ሊሆን ይችላል። ይህን የገጠር አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። አንዲት ወጣት ድመት ጭድ ላይ ወይም የመኖ እህል ውስጥ ከተጸዳዳች ቶክሶፕላዝማው እርጉዝ በጎች ጋ ይደርሳል። ከዚህ በፊት ያልያዛት በግ በእርግዝናዋ ወቅት ከተያዘች ትጨነግፋለች፣ የደረቀ ጽንስ ትጥላለች ወይም መቆም የማይችል ግልገል ትወልዳለች። ሰዉ ዓይን በላት ይላል፣ ወይም በጓን ገበያ ያወጣታል። የሚገርመው አንዴ በዚህ ምክንያት የጨነገፈች በግ ሰውነቷ ስለሚለምደው በሚቀጥለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በደህና ትወልዳለች፤ ለመሸጥ የተቸኮለባት እሷ ልትቀመጥ የሚገባት ነበረች። ኒው ዚላንድ በ1988 ለበጎች የሚሆን ክትባት ገበያ ላይ አውላለች፤ የተሠራውም ከጨነገፈ ግልገል ከተገኘ ተውሳክ ነው። ክትባቱ በሌለበት ዋናው ዘዴ መኖን መክደን ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በግ ብሩሴላን በመሰሉ ሌሎች በሽታዎችም ትጨነግፋለች፤ ስለዚህ የወረደውን ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይንኩ፣ ለውሻም ለድመትም አይጣሉ፣ ይቅበሩት። እርጉዝ ሴት ደግሞ በጎች በሚወልዱበት ጊዜ ጋጣው አጠገብ ባትደርስ ይመረጣል።

ስለ እርጉዝ ሴት ከተነሳ፣ ድመቷን ከቤት ማባረር የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። ሰው ቶክሶፕላዝማን የሚይዘው ድመት በማቀፍ ሳይሆን በአፈር፣ ባልታጠበ ጎመንና ሰላጣ፣ በውሃ፣ እንዲሁም በጥሬ ሥጋ ነው። የበግና የፍየል ሥጋ በዚህ በኩል ከበሬ ይብሳል፤ ሥጋው ውስጡ ድረስ 67 ዲግሪ ከሞቀ ተውሳኩ ይሞታል። በጓሮ የምትኮተኩት ሴት ጓንት ካጣች ፌስታል እጇ ላይ ትሰር፣ ከዚያ በሳሙና ትታጠብ። አደጋው የሚከፋው ተውሳኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ከያዛት ነው፤ ለጽንሱ ዓይንና አንጎል ያሰጋል። ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ውስጥ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎችና በደም ለጋሾች ላይ የተካሄደ ጥናት በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ቀድሞ እንደያዛቸው አሳይቷል። በጤነኛው ለጋሽ ሰውነት ተኝቶ የሚቀረው ተውሳክ፣ መከላከያው በጣም በወረደ ሰው ላይ አንጎል ሊያጠቃ ይችላል። ኮትሪሞክሳዞል ለእነዚህ ታካሚዎች የሚታዘዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ድመቷና ሰውየው ላይ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው፤ የመከላከያው ጥበቃ ላልቶ የተኛው ተነሳ።

ያውቁ ኖሯል? በረኪና የቶክሶፕላዝማን ዘር አይገድልም። የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ደግሞም አሁን የወጣ አይነ ምድር ወዲያው አይበክልም፤ ዘሩ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የሚጠርግ ሰው ይቀድመዋል። እርጥብ አፈር ውስጥ ከቆየ ግን ከአንድ ዓመት በላይ በሕይወት ይኖራል፤ ክረምቱ ለሚረዝምበት ለቡሬና ለወምበርማ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከተውሳኩ ሌላ ድመት የሚገድለው፦ ሕክምናችን። የበጎች እከክ ለማጥፋት የሚረጨው ዲያዚኖን በተረፈ ጊዜ «ቁንጫዋን ይግደልላት» ብሎ ድመት ላይ ማፍሰስ የተለመደ ስህተት ነው። ድመት ቀኑን ሙሉ ገላዋን ስለምትልስ የተረጨባትን ሁሉ ትጠጣዋለች፤ ለሃጭ ያዝረበርባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትሞታለች። ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪንም ለእሷ መርዝ ነው። ትኩሳት ያላት መስሎት ፓራሲታሞል የሚሰጥም አለ፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመት ትገድላለች፣ ጉበቷ መድኃኒቱን የሚያከሽፍበት ኢንዛይም የለውምና። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አብዛኛው ሥራው ከብት፣ በግና አህያ ነው፤ ድመት ይዞ የሚመጣ ሰውም ያፍራል። ማፈር አያስፈልግም። ድመቷን በጆንያ ሳይሆን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ይዘው ይሂዱ፣ ክብደቷን ያስመዝኑ፣ «የድመት ነው» ብለው ይንገሩ።

በነገራችን ላይ፣ ጥገኛ ተውሳክ ባይሆንም፦ ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታል። ከነከሰችዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ያውቁ ኖሯል? በእንስሳት መጠለያዎች አዲስ የገባ ድመት ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው እንዲቆይ ይመከራል። ምክንያቱ የሚያመጣው በሽታ ብቻ አይደለም፤ ጭንቀትና መጨናነቅ ራሳቸው መከላከያን ያወርዳሉ። አንድ ጓዳ ውስጥ ስድስት ድመት የሚያኖር የከተማ ሰውም መጠለያ ከፈተ ማለት ነው፣ ስሙን ባይጠራውም። ሳህኑን ይለይ፣ መጸዳጃቸውን ከምግባቸው ያርቅ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው በተቃራኒው የሚያስበው ነው። ጎተራው ሥር ለዓመታት የኖረችው አሮጌ አዳኝ፣ ጤነኛ እስከሆነች ድረስ፣ ቶክሶፕላዝማን በመበተን በኩል ከቤቱ ድመቶች ሁሉ የማታሰጋው ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራዋን በልጅነቷ ጨርሳለች። የሚያሰጋው ገና ማደን የጀመረው ግልገል ነው። ለዚህም ነው በግ አርቢ በሆኑ አገሮች ገበሬዎች አሮጊቷን እንዳያባርሯት፣ ይልቅስ እንዲያመክኗት የሚመከሩት፤ እሷ አጥሩን ስትጠብቅ ሌሎች ድመቶች አይገቡም፣ አዲስ ግልገልም አይወለድም።