የጨጓራ ካንሰርና በትንሽ ቀዳዳ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና

የጨጓራ ካንሰር ሲጀምር ሕመሙ ቀላል ስለሚመስል፥ ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ወራት ያሳልፋል። ይሁን እንጂ የመዳን ተስፋ የሚበልጠው በሽታው በጊዜው የተገኘ እንደ ሆነ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ቢልሮት የተባለው ሐኪም በቪየና ከተማ ሆድ ከፍቶ በካንሰር የተጎዳውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ አወጣ፤ በሽተኛይቱም ከቀዶ ሕክምናው ተረፈች። በ1991 ደግሞ የጃፓን ሐኪሞች ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ ይህንኑ ሥራ ፈጸሙ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በሽተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሆዱ በጋዝ ይነፋል፤ በትናንሽ ቀዳዳዎችም ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ በቴሌቪዥን እያየ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ያወጣል። ቁስሉ ትንሽ ስለ ሆነ ሕመሙ ይቀንሳል፤ በሽተኛውም ቶሎ ይነሣል። በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨ ግን ይህ ጥበብ አያድነውም።

ስለዚህ በአዋሽም ሆነ በሰመራ የሚኖር ሰው፥ ሕመሙ አልተወው ሲል፥ ጥቂት በልቶ ሲጠግብ፥ ያለ ምክንያት ሲከሳ፥ ደም ሲያስታውክ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሰመራ አጠገብ ወዳለው የዱብቲ ሆስፒታል ይሂድ። ወደ አዲስ አበባ መላክ ቢያስፈልግ፥ መንገዱ ከሰመራ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና አቅም ሳይደክም መነሣት ይሻላል።

የበሽታው ዋነኛ መነሻ የሆነው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ተሕዋስ ብዙውን ጊዜ በልጅነት በአፍ ይገባል። ስለዚህ መምህራን፥ ተማሪዎች እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡና የወንዝ ውሃ አፍልተው እንዲጠጡ ያስተምሩ።