አንድ መስመር፣ ብዙ መሣሪያ፦ የሴሪያል ካርድ አስተካከል



በካምፕ ውስጥ የኮምፒውተር ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጽሑፍ መጻፍንና ሠንጠረዥ መሥራትን ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወጥቶ ወደ ሌላ መሣሪያ ስለሚሄደው ሽቦ ግን እምብዛም አይወራም። የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የመጋዘን ሙቀት መለኪያ፣ ብዙዎቹ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት በሴሪያል መስመር ነው። ይህን መስመር መዘርጋትና መጠገን የሚችል ልጅ የትም ቢሄድ ሙያው አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ የሴሪያል ካርድ ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ መስመር እንዲያነጋግር እንዴት እንደሚስተካከል በዚህ ጽሑፍ እናያለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። እርጥበት ያለው ማሽላ በመጋዘን ሲከመር ከውስጥ ይሞቃል፤ ሽታው እስኪወጣ ከተጠበቀ እህሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። በክምሩ ውስጥ 10 የሙቀት መለኪያዎች ብናስቀምጥ ለእያንዳንዱ የራሱን ኬብል መሳብ ውድ ነው። የተለመደው አርኤስ-232 ፖርት ደግሞ አንድን ኮምፒውተር ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ያገናኛል፤ ርቀቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው አርኤስ-485 ግን በአንድ ጥንድ ሽቦ እስከ 32 መደበኛ መሣሪያዎችን ያገናኛል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል።

አሠራሩ መምህር በክፍል ስም እንደሚጠራው ነው። ሁሉም ተማሪ ይሰማል፣ «አቤት» የሚለው ግን ስሙ የተጠራው ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ላይ ከጮኹ የማንም ድምፅ አይለይም። እንግዲህ ካርዱን ማስተካከል ማለት ይህን ሥርዓት ማስያዝ ነው።

ቅደም ተከተሉ

1. ኮምፒውተሩን አጥፉና ከኤሌክትሪክ ንቀሉ። ካርዱን ከመያዛችሁ በፊት የኮምፒውተሩን የብረት አካል ንኩ፤ በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ካርዱን ሊጎዳው ይችላል።

2. ካርዱ የድሮ ከሆነ የፖርቱ አድራሻ በጃምፐር ይመረጣል። ኮም 1 እና ኮም 3 በተለምዶ የማቋረጫ ቁጥር 4ን፣ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ ቁጥር 3ን ይጋራሉ። ስለዚህ ኮም 1 ሥራ ላይ እያለ አዲሱን ካርድ ኮም 3 ብታደርጉት ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። በአዳዲስ ካርዶችና በዩኤስቢ አስማሚዎች ይህን ኮምፒውተሩ ራሱ ይመድበዋል።

3. ጃምፐሩን ከአርኤስ-232 ወይም ከአርኤስ-422 ወደ አርኤስ-485፣ ባለ ሁለት ሽቦ ቀይሩ።

4. መስመሩን ማን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ምረጡ። ካርዱ ተናግሮ ሲጨርስ አፉን መዝጋት አለበት። ዘግይቶ ከዘጋ የመልሱ መጀመሪያ ይቆረጣል። «አውቶማቲክ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ውሰዱ፤ ከሌለ ሥራው በአርቲኤስ ምልክት በኩል የፕሮግራሙ ይሆናል።

5. በሁለት ሽቦ መስመር ካርዱ የራሱን ድምፅ መልሶ ሊሰማ ይችላል። ፕሮግራሙ ይህን የማይጠብቅ ከሆነ የኤኮ ጃምፐሩን አጥፉት።

6. ሽቦው ከአንዱ መሣሪያ ወደ ቀጣዩ፣ እንደ ዶቃ ክር ይሂድ እንጂ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አይበተን። በሁለቱ ጫፎች ብቻ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ይግባ። ካርዱ ጫፍ ላይ ካለ የራሱን የተርሚኔሽን ጃምፐር አብሩ፤ መሃል ላይ ከሆነ አጥፉት።

7. የሁሉም ፍጥነትና አቀማመጥ አንድ ይሁን፤ ለምሳሌ 9600፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የሌለው፣ 1 ማቆሚያ ቢት። አድራሻ ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞዲኮን ባወጣው በሞድበስ ቋንቋ ከ1 እስከ 247 ያለው ለመሣሪያዎች ይሰጣል፤ 0 ለሁሉም በአንዴ መናገሪያ ነው፣ ማንም አይመልስበትም።

አልሠራ ሲል

በመጀመሪያ ሁሉንም አጥፉና በቴስተር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኩ። ወደ 60 ኦም ካነበበ ሁለቱ ሬዚስተሮች በቦታቸው አሉ። 120 ገደማ ከሆነ አንዱ ጎድሏል፤ 40 ገደማ ከሆነ አንድ ትርፍ አለ። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ብዙ ድካም ያድናል። ልኬቱ ደህና ከሆነ ኤ እና ቢ የተባሉትን ሽቦዎች አቀያይራችሁ ሞክሩ። አምራቾች በእነዚህ ፊደላት አይስማሙም፤ ማቀያየሩም በተለምዶ ጉዳት የለውም። ከዚያ ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹን መሣሪያዎች ነቅላችሁ አንድ በአንድ መልሱ። መስመሩ ዝም ያለበት ጊዜ ላይ የተቀጠለው መሣሪያ ነው ጥፋተኛው፤ ብዙ ጊዜ የሌላውን አድራሻ ደግሞ ይዞ ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዱ ቤት በጄኔሬተር፣ ሌላው በፀሐይ ኃይል ሲሠራ የመሬት ቮልቴጃቸው ሊለያይ ይችላል። አርኤስ-485 የሚችለው ከ-7 እስከ +12 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ የጋራ ሽቦ ጨምሩ፤ ከቤት ቤት ለሚሄድ ረጅም መስመር ደግሞ አይሶሌትድ የሚባለውን ካርድ መርጡ። በክረምት መብረቅ ሲመጣ ግን ከቤት ውጭ የተዘረጋውን ሽቦ አትንኩ። ደመናው ሳይከብድ አስቀድማችሁ መንቀል ይሻላል።

በመጨረሻም፣ መልስ አለመምጣቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም። አንድ ጃምፐር ተሳስቶ 10ሩም መለኪያዎች ዝም ቢሉ የመጋዘኑ ጠባቂ «ደህና ነው» ብሎ ሊተኛ ይችላል፤ ማሽላው ግን እየሞቀ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ስትጽፉ ያልመለሰውን መሣሪያ ስም ጠርቶ «ቀርቷል» ብሎ እንዲመዘግብ አድርጉት፤ መምህርም ቢሆን የቀረን ተማሪ ሳይመዘግብ አያልፍም።

መምህራን ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ሁለት ካርዶችና ጥቂት ሜትር ሽቦ ካገኛችሁ ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። በርቱ!